የድስት ጾም

እናንተዬ፣ ሳል አድራሻ አለው እንዴ? ቢቸና ያሉት ጎረቤቶቼ የልጄ የብሌን ሳል የሞጣ ብርድ ነው ይላሉ። ሞጣ ያሉት አማቴ ደግሞ የቢቸና አቧራ ነው ይላሉ። ልጅቷ እዚህም ትስላለች፣ እዚያም ትስላለች። አንዱ ጉንፋን ዕቃውን ሳይሸክፍ ሌላው ይገባል። አራት ዓመት ባልሞላት ልጅ ደረት ይኼ ሁሉ ከየት መጣ? እኔ እንጃ።

መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ይባላል። መካሪ የበዛበት አባት ስንት ዓመት እንደሚነግሥ ግን የነገረኝ የለም። አንዱ ጦስኝ አለኝ። ሌላው ጸበል አለኝ። የቢሮዬ ሰው ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። ሁሉንም እሺ እያልኩ ከረምኩ።

አማቴ እማማ ጥሩወርቅ ግን ከምክር ይልቅ ውሳኔ ይወዳሉ። ሚስቴ ሥልጠና ስለሄደች ብሌን እሳቸው ዘንድ ነበረች። ሁዳዴ እንደገባ ደወሉና፣ እንጥሏ ወርዷል፣ ለፋሲካ ካልተሻላት ቆራጩን አስጠራለሁ አሉኝ። በዚያች ጉሮሮ ምላጭ ሊገባ! በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ሞጣ ገባሁ፤ አማቴንም ልጄንም ይዤ ወደ ጤና ጣቢያ።

ሲስተሯ ከአርባ ምንጭ ተመድባ የመጣች ልጅ ናት። እንጥል መቁረጥ ደም ያፈሳል እንጂ ሳል አያቆምም አለች። ሰውነት አጥር አለው፣ ዚንክ የሚባለው ንጥረ ነገር ሲያንስ አጥሩ ይሳሳል፣ በሽታው ይመላለሳል አለች። አማቴ ወዲያው ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ማለት ነዋ አሉ። እኔ ግን ውሻው የቱ፣ ጅቡ የቱ እንደሆነ ገና አልለየሁም። አንሷት ነው ወይ ስላት፣ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ ምርመራው እዚህ የለም አለችኝ። ይኼ መልስ ነው?

የዚንክ ኪኒን ስታወጣ ደግሞ አማቴ አወቁት። የጎረቤት ልጅ ሲያስቀምጠው የተሰጠው ይኼው ነው። ሳሉ ከላይ፣ መድኃኒቱ ለታች? ሲስተሯ አጥሩ እኮ አንድ ነው አለች። እኔ ጭራሽ ጠፋብኝ።

ከዚያ ስለ ምግብ ጠየቀች። ታስጾሟታላችሁ ወይ ስትል አማቴ አማተቡ። ሰባት ዓመት ያልሞላት ሕፃን ማን ያስጾማል? ታዲያ ዛሬ ምን በላች? ሽሮ። ትናንትስ? ክክ። ከትናንት ወዲያስ? ሽሮ።

«እማማ፣ ካልጾመች እንቁላል ለምን አይሰጧትም?»

አማቴ ከልባቸው ግራ ገባቸው።

«በየትኛው ድስት?»

ለካ ልጅቷ አትጾምም፤ የሚጾመው ድስቱ ነው! ቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ሁዳዴን ይዟል። እንቁላል የነካው ድስት ሽሮ ሊሠራበት አይችልም። ሲስተሯ ሌላ ድስት ግዙ ስትል እኔ ተስማማሁ። አማቴ ግን ከጾም ዕቃ ጋር በአንድ ማጀት አይቀመጥም አሉ።

መላውን ያገኙት ራሳቸው ናቸው። ጎረቤታቸው እትዬ ዘይነባ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ እሳቸውም ረመዳን ላይ ነበሩ። ግን የእሳቸው ጾም ከፀሐይ ጋር ነው እንጂ ከድስት ጋር ጠብ የለውም። አማቴ የዶሮዎቻቸውን እንቁላል በአጥር ያቀብላሉ፤ እትዬ ዘይነባ ምራቃቸውን ሳይውጡ ይቀቅላሉ፣ ቅርፊቱን ልጠው ያጎርሷታል። የሌላ እምነት ድስት ነው ያሏቸው አልጠፉም። አማቴ፣ እንቁላል ልብሱን ለብሶ ነው የሚቀቀለው ብለው ዝም አሰኟቸው።

ሳሉ ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ለቀቃት። ኪኒኑ ይሁን፣ እንቁላሉ፣ ጸበሉ፣ ወይስ እትዬ ዘይነባ በማር ያቀመሷት ጥቁር አዝሙድ? ሲስተሯን ብጠይቃት፣ ብርዱም እኮ አልፏል አለችኝ። ቀድሞ ተነግሮት የነበረው ቆራጭ ምላጩን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። አማቴ ደጃፍ ላይ ቆመው መለሱት።

«እንጥሏን ተዋት። የታመመው ድስቱ ነበር።»

ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ምን ልደብቃችሁ።

የፋሲካ ዕለት ያ ድስት በዶሮ ወጥ ገደፈ። አማቴ አንድ ሙሉ እንቁላል ለብሌን አነሡ። ልጅቷ ሰሃኑን ገፋ አደረገችው፣ እንቁላል ሰልችቷታል፣ ሽሮ ካልሆነ አልበላም አለች። በፋሲካ ሽሮ ከየት ይምጣ? በየትኛውስ ድስት? ድስቱ ጾም ሲፈታ፣ ልጅቷ ያዘች።