የክቡራን እንግዶች ኮንክሪት

የጽሕፈት ቤታችን ታላቅነት ሳይንስ ገና ያልደረሰበትን በቃለ ጉባኤ መወሰኑ ነው። ከሚዛን ከተማ ብዙም በማይርቅ ወንዝ ላይ የእግረኛ ድልድይ እንድንሠራ ታዘዝን። ቀይ ቡና በተለቀመበት ቀን ማጠቢያ ጣቢያ ካልደረሰ ይበላሻል፤ ማጠቢያው ደግሞ ለለቃሚዎቹ ከወንዙ ማዶ ነው።

ለጥንካሬው አሥራ ሁለት ካርቶን ፋይበር መጣልን፤ ከኮንክሪት ጋር የሚቦካ አጫጭር የብረት ክር ነው። መሐንዲሳችን ማራናታ፣ «ጥቂት በጥቂት እየተነሰነሰ በሁሉም ቦታ እኩል መዳረስ አለበት» አለች። ኃላፊያችን አቶ ባምላኩ በጥሞና አዳመጧት።

«በምረቃው ዕለት ክቡራን እንግዶች የት ይቆማሉ?»

«በዚህኛው ጫፍ፣ ሪባኑ ጋ።»

«በወዲያኛውስ?»

«ቡና ተሸካሚው ሕዝብ።»

«ታዲያ ክቡር እንግዳና ጆንያ እኩል ክር ይድረሳቸው ነው የምትይኝ?»

«አቶ ባምላኩ፣ ክሩ ሲበዛ ይቋጠራል። ሲሚንቶው መሃሉ አይገባም፣ ኮንክሪቱ ይሰበራል።»

«አይዞሽ፣ በድምፅ ብልጫ እንወስናለን።»

ዘጠኝ ለአንድ አሸነፍን። እኔም እጄን አውጥቻለሁ፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝና። አሥራ አንዱ ካርቶን ለእንግዶች ጫፍ፣ አንዱ ለሕዝብ ሆነ። ክሩ ግን ውሳኔያችንን ስላላነበበ፣ ማበጠሪያ ላይ እንደ ቀረ ፀጉር ተጠቅልሎ ቀረ። ኮንክሪቱ ክፍተት በክፍተት ሆነ። ላዩን ለስነን ቀለም ቀባነው፤ ያምር ነበር።

በምረቃው ዕለት አቶ ባምላኩ ንግግራቸውን «ይህ የማይናወጥ» ከሚለው ላይ ሲያደርሱ ወለሉ ጓ አለ። አሥራ አራት ክቡራን ከነሪባናቸው ወንዝ ወረዱ። ደግነቱ ውኃው ከጉልበት አያልፍም። ጎትተው ያወጧቸው ቡና ለቃሚዋ አማረችና ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ከማለዳ ጀምረው የለቀሙትን ቡና ዳር ላይ ጥለው። ጆንያው ፀሐይ ላይ ውሎ መሽተት ጀመረ። እዚህ ላይ እኔም አፈርኩ።

አጣሪ ኮሚቴ እዚያው ወንዝ ዳር ተቀመጠ።

«ክሩ አንድ ቦታ ስለተከማቸ ነው» አለች ማራናታ።

«ጥፋቱ ተገኘ!» አሉ አቶ ባምላኩ። «እንግዶቹም አንድ ቦታ ተከማችተው ነበር።»

ስለዚህ ከእንግዲህ በሚመረቅ ማንኛውም ድልድይ ላይ ክቡራን እንግዶች በእኩል ርቀት ተሰራጭተው እንዲቆሙ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አማረች እጇን አወጣች።

«እኛስ ጌታዬ፣ ቡናውን በየት እናሻግር?»

«እናንተማ አርአያ ናችሁ» አሉ አቶ ባምላኩ፣ ሱሪያቸውን እየጨመቁ። «ስንት ዓመት ሙሉ ወንዙ ውስጥ እኩል ተሰራጭታችሁ ተሻገራችሁ፤ አንዳችሁም አልተሰበራችሁም።»