ተረግጦ የማይነሳው የነዳጅ መርገጫ

ሥራ አንድም ቀን ሳይቸኩል፣ በክብርና በእርጋታ ሲከናወን በኖረበት በዚያ መሥሪያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የፈጠነችው ያረጀችው የአለቃው መኪና ናት። ትጋቷ የሚያስቀና ነበር። የነዳጅ መርገጫዋ አንዴ ከተረገጠ እዚያው ይቀራል፤ አልነሳም ይላል። በዚሁ ትጋቷ ባለፈው ሳምንት የጥበቃ ቤቱን አጥር ይዛ ገብታለች።

ነገሩ እንቅልፍ የነሳው ሾፌሩን ነው። የመኪናዋ ጡሩምባ ከሞተ ወዲህ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ እየጮኸ መንገድ ስለሚያስለቅቅ "ጡሩምባ" ይሉታል። የብልሽቱን ምክንያት ደግሞ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። መርገጫውን ወደ ላይ የሚመልሰውን ሞላ በገዛ እጁ ፈትቶ፣ ዘመም ላለው የአለቃው የቢሮ ወንበር ያበረከተው እሱ ነውና። ያን ዕለት አለቃው ወንበሩ ላይ ዘለል ዘለል ብለው፣ "አንተማ የስምሪት ኃላፊ መሆን ያለብህ ሰው ነህ" ብለውታል። እንግዲህ እውነቱን ቢናገር ሹመቱ ገደል ይገባል፤ ዝም ቢል ደግሞ ራሱ ገደል ይገባል።

ከፍተኛ የቴክኒክ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮፈን ከፍቶ ማየት የጥናቱን ገለልተኝነት ያዛባል ስለተባለ፣ ምርመራው በስብሰባ አዳራሽ ተካሄደ።

"መርገጫው ተረግጦ አልነሳ አለ ነው የምትለው?" አሉት ጡሩምባን፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ።

"አዎ፣ እትዬ።"

"ታዲያ ምኑ ነው ብልሽቱ? እዚህ ቤት ተረግጦ የተነሳ ማን አለ?"

ተጨበጨበ፤ መኪናዋም ጤነኛ ናት ተባለ።

በማግሥቱ የበላይ አለቆች አለቃውን ለሽልማት ጠሩ። መንገዱ ቁልቁለት ነው። ጡሩምባ ሹመት ነፍስ ላለው ሰው ነው አለና እውነቱን አወጣው።

"ጋሼ፣ ሞላው እኮ እርስዎ ወንበር ሥር ነው። ለዛሬ ብቻ ወንበሩን ቢለቁልኝ..."

"ለሞላ ብዬ ወንበር ልልቀቅ?" የአለቃው ፊት ጠቆረ። "ገመድ አምጣ።"

ገመዱ መርገጫው ላይ ታሰረ፤ ጫፉን አለቃው ከኋላ መቀመጫ ሆነው ያዙ። ጡሩምባ "ይሳቡ" ሲል ይስባሉ፣ መርገጫው ይነሳል። "ይልቀቁ" ሲል ይለቃሉ፣ መኪናዋ ትሄዳለች። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲረግጡ የኖሩ ሰው ማንሳት የጀመሩት በዚህ ቀን ነው። ቁልቁለቱንም በሰላም ወረዱት።

ከዋናው መሥሪያ ቤት በር ሲደርሱ የበላይ አለቆቹ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። አለቃው ሲያዩዋቸው ደነገጡና ገመዱን አንቀው ያዙት። መኪናዋ በሩን ሳትገባ ቀጥ አለች። ጡሩምባም እንደ ልማዱ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"ይልቀቁ፣ ጋሼ! ስንት ሰው ነው የሚጠብቀው፣ ይልቀቁ እንጂ!"

"ይኸው ለቀቅኩ አልኩህ! በገዛ እጄ ለቅቄያለሁ!"

ሰልፉ ገመዱን አላየም፤ ቃሉን ግን ሰማ። ከዚያ ጭብጨባው ቀለጠ። ከበላዮቹ ትልቁ እንባቸውን በመሀረብ ጠርገው፣ "ሳይገፋ የለቀቀ ሰው ለማየት አበቃን" አሉና ስንብቱን እዚያው በቆሙበት አጸደቁት።

ወንበሩ ለሰው ኃይል ኃላፊዋ ተሰጠ። ተቀምጠው ዘለል ዘለል አሉና ፈገግ አሉ። ጡሩምባ መፍቻውን ይዞ በር ላይ ቆሟል።

"እትዬ፣ አሁን ሞላውን ልመልሰው?"

"የምን ሞላ?" አሉ። "ይልቅ ያ ገመድ እንዳይጠፋ።"