የግርማ ሞተር ልጓም

እኔ ሰው አላምንም። ልትመክሩኝ አስባችሁ ከሆነ ተዉት፤ ባለቤቴ ሞክራ ደክሟታል። አሥራ ስምንት ዓመት ሚኒባስ ታክሲ የነዳ፣ «ፍሬኑን ጠግኜዋለሁ» ብሎ በእናቱ ስም የሚምል መካኒክ ያየ ሰው እንዴት ይመን?

ከሁሉም የማላምነው ጀማሪ ነጂን ነው። መንጃ ፈቃድ ባገኘ ማግስት አስፋልቱ ለእሱ የተነጠፈ ይመስለዋል። ስለዚህ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ግርማ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ በአርባ ዓመቱ ጉልበተኛ ሞተር ገዝቶ እንጦጦ ዳገት ላይ ካለው ሰፈሩ ከቁስቋም ሥራ ልመላለስባት ነው ሲል እህቱም እኔም ሰላም አጣን። በመጨረሻ መላ ዘየድን፦ እጁ እስኪለምድ፣ ለስድስት ወር፣ መካኒክ ነዳጅ መስጫዋን ከግማሽ በላይ እንዳትከፈት አድርጎ ይሰርልን። ግርማ አኮረፈ፤ ግን እህቱን ይፈራል፣ እሺ አለ።

መካኒኩ አሰርኩ አለ። አመንኩት? ምን በወጣኝ! ዳገቱ ሥር ቆሜ ጠበቅኩ። ሞተሯ እያቃሰተች ስትወጣ ሁለት ፌስታል ያንጠለጠሉ እናት በእግራቸው ቀደሟት። ደስ አለኝ። ቢሆንም በየሳምንቱ ግርማ ቤት እየሄድኩ፣ ተደብቆ አስፈትቶት ይሆናል እያልኩ ነዳጅ መስጫዋን በእጄ እፈትሽ ነበር። ግርማ ዳገቱ ነዳጅ ጨረሰብኝ ብሎ ሲያማርርም አዘንኩለትና አንድ የሹፌር ብልሃት ሹክ አልኩት።

አንድ ጠዋት ስልክ ተደወለ። ግርማ ቁልቁለቱን ሲወርድ ኩርባው ላይ ከመንገድ ወጥቶ የሰው አጥር ጥሶ ገብቷል። ክንዱ ተሰብሯል፣ አገጩ ተሰፍቷል። መካኒኩን በልቤ እየሰቀልኩ መጀመሪያ ወደ ሞተሯ ሮጥኩ። ማሰሪያው እንዳለ ነው።

ሆስፒታል ስደርስ እህቱ አልጋው ራስጌ ቆማ ታፋጥጠዋለች።

«ማርሹን ፍሪ አድርጌ ነበር የምወርደው» አላት። «ነዳጅ ለመቆጠብ። ፍሬኑ አልበቃኝም።»

ለካ ቁልቁለት ነዳጅ መስጫ አይጠይቅም። የሰውየው ክብደት ይበቃዋል።

«ይሄን ማነው ያስተማረህ?»

ግርማ አየኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ። አሥራ ስምንት ዓመት እንጦጦን የወረድኩበት ብልሃት ነበር።

«እ... ማለቴ፣ ሹፌሮች ሲያወሩ ሰምቼ ነው» አላት።

ሸፈነልኝ። ከስብራቱ ይልቅ ያ አመመኝ። ልጆቹ በር ላይ ቆመው ነበር፣ እነሱንም ማየት አቃተኝ።

ባለቤቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ራት ላይ ጉርሻዋን ይዛ ቆም ትልና ትክ ብላ ታየኛለች። አልፈርድባትም። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ይህን ሰውዬ አላምነውም ነበር።