የጠመንጃዬ አማካሪ

መኪና ስትገዙ አብሯችሁ ሄዶ ጎማውን በእግሩ የሚመታ ወዳጅ የላችሁም? እኔ እዚህ አሜሪካ አለኝ፤ የሲልቨር ስፕሪንጉ ጌታሁን። ለጣሳ መምቻ የአየር ጠመንጃ ልገዛ ነው ብዬ ኮል ባደርግለት፣ «ብቻህን ብትሄድ ይሸውዱሃል!» ብሎ እኔ ወዳለሁበት አሌክሳንድሪያ ድረስ መጣልኝ።

እኔ ገና ሱቁ ስገባ አንዲት ቀለል ያለች ወድጄ ነበር። ሻጩም ለጀማሪ እሷ ትሻላለች አለ። ጌታሁን ግን ሳቀ።

«ይቺማ የልጅ መጫወቻ ናት። ወንድሜ፣ ጠመንጃ ማለት ኃይል ነው!»

ከሁሉም የከበደችውን አሸከመኝ። ጎማ ቢኖራት ኖሮ በእግሩ ይመታት ነበር።

ቅዳሜ ከከተማ ወጥተን በአንድ ወዳጃችን እርሻ ላይ ጣሳ ደረደርን። ለካ ጠመንጃዋ በተተኮሰች ቁጥር አፈሙዟ ወደ ታች ተጎትቶ መቀባበል አለባት። ብጎትት፣ ብንጠለጠልባት፣ ወይ ፍንክች!

«አምጣት ወዲህ!» አለ ጌታሁን። ምን ያድርግ? የመረጣት እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ያቀባብላል፣ እኔ እተኩሳለሁ። አማካሪ መያዝ እንዲህ ደስ እንደሚል መች አውቄ? ባለፈው ታዲያ ላቡን እየጠረገ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ቀለል ያለችውን ግዛ ብዬህ ነበር እኮ!»