ስም የማይጠይቀው በር

ሌሊቱን ሕልም ይዞኝ ሲዞር አደረ። ከመተኛቴ በፊት የሆስፒታላችንን ታካሚዎች መዝገብ በሙሉ አዲሱ ዳታቤዝ ውስጥ ማስገባት ጀምሬ ነበር። ያን ሁሉ ሰው በምን ፍጥነት እንደሚውጥ ጠዋት ለኮሚቴው ማሳየት አለብኝ። ከዘገየ ሥራው ለሌላ ድርጅት ይሰጣል፤ እኔም እንጀራዬን አጣለሁ። እዚያው ወንበሬ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ።

በሕልሜ ካርድ ክፍላችን ሜዳ ሆኖ ነበር። ታካሚዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሐኪሞቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው «እባካችሁ፣ አንዴ ብቻ ሳሉልን!» እያሉ ይለምኗቸዋል። በሜዳው መሐል ሁለት በሮች ቆመዋል። አንደኛው በር የእኔ ዳታቤዝ ነው፤ የሌላኛው ዘበኛ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሰዉን ቀድሞ የማስገባቱን ውድድር ሰዓት ይዛ የምትዳኘው ደግሞ ኤሊ ናት።

«ጀምሩ!» አለች ኤሊዋ።

በእኔ በር ሰዉ እንደ ጎርፍ ገባ። ሽማግሌው ግን የመጀመሪያውን ሰው እጅ ይዘው ቀሩ።

«እንዴት አደሩ? ስምዎን ማን ልበል? የማን ልጅ ነዎት? ቤተሰብ ደህና?»

ሰውየው እስከ ቅድመ አያቱ ድረስ ቆጥሮ ሳይጨርስ ፀሐይ ገብታ ተመልሳ ወጣች። እኔ በሳቅ ፈረስኩ።

«አባባ፣ አለቀልዎት!» አልኳቸው።

«አባባ አሸንፈዋል» አለች ኤሊዋ። «አንተ ወድቀሃል።»

«ምን ሲደረግ! እኔ እኮ ሁሉንም አስገብቻለሁ!»

«እነማንን?»

«ሰዉን ነዋ!»

«እስቲ ስማቸውን ጥራ።»

ዞር ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው እንደተላጠ እንቁላል ልሙጥ ነው። ከመካከላቸው አንዷ አረንጓዴ ሻርፕ ደርባ ወደ እኔ መጣች። ሻርፑን አወቅኩት፤ ስኳር ስላለባት ሰኞ ሰኞ እዚህ የምትታከመው እናቴ ናት።

«ናሁሰናይ፣ እኔ ማን ነኝ?» አለችኝ።

ስሟ ምላሴ ላይ ነበር፤ አልወጣ አለኝ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«ናሁ! ተነሥ እንጂ!»

አለቃዬ ወይዘሮ ትርሲት ትከሻዬን ይዘው ይነቀንቁኛል። ነግቷል።

«ጉድ ሠራህ እኮ! እንደዚህ የፈጠነ አይተን አናውቅም። ተኝተህ ሳለ ኮሚቴው አይቶት ወዶታል፣ ፈርሞልሃል። ቦታ እንዳያጣብብ አሮጌውን መዝገብ አሁን አስጠፋሁት።»

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ዓይኔን እያሻሸሁ የእናቴን ካርድ ቁጥር በቃሌ አስገባሁ። ዕድሜዋ በትክክል ወጣ፤ መድኃኒቷም ወጣ። ስሟ ያለበት ቦታ ላይ ግን «????? ????» ይላል። ቀጣዩን ታካሚ ከፈትኩ፤ እሱም እንደዚያው። በአማርኛ የተጻፈው ስም ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ የጥያቄ ምልክት ሆኗል። ፍጥነቱን ብቻ ሳስብ ዳታቤዙ የአማርኛ ፊደል እንዲቀበል አላዘጋጀሁትም ነበር።

«ወይዘሮ ትርሲት... አሮጌውን በእርግጥ አስጠፍተውታል?»

«እንዴታ! ምነው?»

ቀኑ ሰኞ ነበር። በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከትኩ። ከሰልፉ መሐል እናቴ አረንጓዴ ሻርፗን ደርባ ስሟ እስኪጠራ ትጠብቃለች።