ሁለት አባቶች በግድቡ ሆድ ውስጥ

ጸሐፊው፦ የሄልሜቱ ጥላ ወደ ኋላ ነው የሚሆነው። ማጅራትን ከፀሐይ እንዲከላከል።

በያጁ፦ ግድቡ ውስጥ ፀሐይ አለ?

ጸሐፊው፦ ጥንቃቄ የሚባል ነገር አለ፣ ወንድሜ።

(ሄልሜታቸውን የፊቱን ወደ ኋላ አዙረው ያጠለቁት ሰው ከመብራት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት በጡረታ የወጡ ጸሐፊ ናቸው። አብረዋቸው ያሉት በርና መስኮት እየበየዱ የሚኖሩ፣ ቃል ከአፋቸው በግድ የሚወጣ ሰው ናቸው። የጸሐፊው ልጅ የበያጁን ልጅ ለማግባት ጠይቋል፤ በያጁ ግን እሺም እምቢም አላሉም። «መጀመሪያ አባትዬውን ልወቃቸው» ብለው ጉብኝቱን የጋበዙትም እሳቸው ናቸው። ጸሐፊው ግድብ የሚለውን ሲሰሙ ነገሩ እንዳለቀ ቆጠሩት። በመብራት ጉዳይማ ማን ሊያክላቸው? ለሰውየው እንደ ማዘንም ቃጣቸው።)

[ከግድቡ ግርጌ። ወጣቷ አስጎብኚ ከፊት፣ ጎብኚዎቹ ከኋላ።]

በያጁ፦ ግንቡ ከታች ወፍሮ ከላይ የቀጠነው ለምንድን ነው?

ጸሐፊው፦ ሲጀምሩ ሲሚንቶው ብዙ ነበር። ላይ ሲደርሱ አለቀባቸው።

አስጎብኚዋ፦ አይ፣ አባባ። ውሃው በጠለቀ ቁጥር ግፊቱ ስለሚበረታ ነው።

ጸሐፊው፦ [ለበያጁ በሹክሹክታ] ልጅ ናት፤ ያስጠኗትን ነው የምትለው።

(በያጁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጸሐፊው ይህን እንደ አድናቆት ወሰዱት። ደረጃውን እየወረዱ፣ መዝገብ ቤት ይሠሩ በነበረ ጊዜ ኢንጂነሮቹ ሁሉ እሳቸውን ሳያማክሩ እርምጃ እንደማይራመዱ አወሩላቸው።)

[የማሽን አዳራሽ። ወለሉ ይንቀጠቀጣል።]

በያጁ፦ ይሄ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?

ጸሐፊው፦ መብራቱ ነዋ። ሽቦ ውስጥ ለመግባት ሲጋፋ።

በያጁ፦ በወዲያኛው በኩል የሚወጣው ውሃስ?

ጸሐፊው፦ እሱማ አተላ ነው። ኤሌክትሪኩ ተጨምቆ ወጥቶለታል።

(ከኋላ የነበረች አንዲት ሴት ይህን ሰምታ ልትጠጣ የከፈተችውን የላስቲክ ጠርሙስ ውሃ በጥርጣሬ አየችው። አስጎብኚዋ የሚያጉረመርመው ውሃው የሚያሽከረክረው ተርባይን መሆኑን፣ ውሃውም ሲወጣ ያው ውሃ መሆኑን ብታስረዳም ሴትየዋ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ጸሐፊው ደረታቸው ተነፋ።)

[ከአዳራሹ ጀርባ። ሰው የሚያስቆም ስፋት ያለው የብረት ቧንቧ። በያጁ ቧንቧው ላይ ያለችውን መስመር በመዳፋቸው ይዳብሳሉ።]

በያጁ፦ ይቺስ መስመር?

ጸሐፊው፦ ጌጥ ናት። ባዶውን እንዳይሆን።

አስጎብኚዋ፦ ብየዳ ነው፣ አባባ። ውሃው የሚወርደው በዚህ ነው፤ እሱ ቢለቅ ሁላችንም እዚህ አንቆምም።

በያጁ፦ ማን በየደው?

ጸሐፊው፦ የውጭ ሰዎች ናቸዋ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ እጅ ከየት ይመጣል?

አስጎብኚዋ፦ እኔ አላውቅም። ጠይቄ እነግርዎታለሁ።

በያጁ፦ አትድከሚ፣ ልጄ። እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ተኩል በጀርባዬ ተኝቼ።

(ጎብኚዎቹ ዞር ዞር ብለው ሰውየውን አዩዋቸው። አንዱ እጃቸውን ሊጨብጥ ተጠጋ። ጸሐፊው የሚያዩበት ቢጠፋቸው የሄልሜታቸውን ማሰሪያ ይፈቱና ያስሩ ጀመር።)

ጸሐፊው፦ እያወቁ ነው እንዴ ሲጠይቁኝ የዋሉት?

በያጁ፦ ልጄ የምትገባበትን ቤት ማወቅ ነበረብኝ። ይህን ሁሉ ስጠይቅዎ አንዴ እንኳ «አላውቅም» አላሉም። ይቺ አስጎብኚ ልጅ በእኔ ፊት «አላውቅም» አለች፤ አልተዋረደችም።

(ጸሐፊው ማሰሪያውን ለቀቁት። ልጃቸው ጠዋት ጫማቸውን ራሱ ወልውሎ «አባዬ፣ አደራ፣ ትንሽ ብቻ አውራ» ብሎ እንደሸኛቸው ትዝ አላቸው።)

ጸሐፊው፦ እንግዲህ… ጋብቻው ቀረ ማለት ነው?

በያጁ፦ ልጅዎ ባለፈው ሳምንት ቤቴ መጥቶ ነበር። ስለ ግድቡ ስጠይቀው «አላውቅም» አለኝ። በማግስቱ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ፣ ጠይቆ፣ መልሱን ይዞልኝ መጣ። ልጄን ለእሱ ሰጥቻለሁ። ማንን እንደ መሰለ ብቻ ግራ ገብቶኝ ነበር።

ጸሐፊው፦ [ፈገግ እያሉ] እና?

በያጁ፦ እናቱን ነው።

(ጸሐፊው ላባቸውን ጠረጉ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ ወደ ጎብኚዎቹም ዞሩ።)

ጸሐፊው፦ እንዲህ እንደሚሉ ዐውቄ ነበር።