ሣር ማጨጃው የዋጠው ጸጉር

ዓይነ አፋር ሰው ብዙ ነገር በነጻ ያገኛል። ዝም ሲል ጨዋ ይባላል፤ ፊቱ ሲቀላ ደግሞ ልቡ ንጹሕ ነው ይባልለታል። እኔ ቀየት በምትባል የደጋ ከተማ አማርኛ ሳስተምር ስድስት ዓመቴ ነው፤ በስብሰባ ላይ እጄን ሳወጣ ያየኝ ሰው ቢኖር አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚያች አንድ ጊዜ ነው የማወራላችሁ። ስታነቡ ግን እባካችሁ አንገታችሁን ደፋ አድርጉ፤ ትክ ብለው ሲያዩኝ ቃል ይጠፋብኛል።

አዲስ አበባ የሚኖር አንድ የአገራችን ልጅ፣ ለተማረበት ትምህርት ቤት ውለታ ሊመልስ ፈልጎ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሣር ማጨጃ ማሽን ላከልን። እንዴት ያለ ስጦታ ነው? እኛ ጓሳ የሚባለው የደጋ ሣራችን መቼ እንደሚታጨድና ማን እንደሚያጭደው ደንብ አውጥተን የኖርን ሰዎች ነን። ሣር ለእኛ የቤት ክዳን ነው፣ የከብት ቀለብ ነው። ማሽኑ ግን ሣሩን አድቅቆ ይበትነዋል። ልጆቻቸውን ሊወስዱ የመጡ ወላጆች በአጥር በኩል ቆመው፣ "ኧረ ይኼ ምን ያለው ጥጋበኛ ነው? አኝኮ ይተፋል እንዴ!" እያሉ ይገረሙ ነበር። ማሽኑን የሚገፉት የጥበቃ ሠራተኛችን ጋሽ ደምሰው ናቸው። በማጭድ ቢያጭዱ ይመርጡ ነበር፤ ግን ታዘዙ፣ ገፉ።

በዚያ ሰሞን አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ራቤል የሚኖሩት አማቴ አንድ ከረጢት የበግ ጸጉር ላኩልኝ። ነድፌና ፈትዬ እንድመልስላቸው ነው፤ ለልጃቸው፣ ለባሌ፣ ባና የሚባለውን የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ ሊያሠሩለት። ጸጉር ሳይነደፍ አይፈተልም። በደጋን ጅማት እየተመታ ይፍታታል፣ እንደ ደመና ይሳሳል። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ደጋን ጨብጬ አላውቅም። "አልችልም" ማለት ምን ነበረበት? አፈርኩና በስልክ፣ "እሺ እማማ፣ ለጾሙ መያዣ ይደርሳል" አልኳቸው።

ከዚያ አሰብኩ። ደጋን ምን ያደርጋል? ቶሎ ቶሎ ይመታል። የማሽኑ ስለትስ? እሱ ከደጋንም በላይ ቶሎ ቶሎ ይመታል! የተማረ ሰው ሲሳሳት እንዲህ ደረጃ በደረጃ ነው። ማሽኑ የሚቀመጠው በመጻሕፍት መጋዘን ውስጥ ነው፤ የመጋዘኑ አንዱ ቁልፍ እኔ ዘንድ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ ደምሰው ለማኅበር ጠላ ሄደው ሳለ፣ ጸጉሩን መሬት ላይ በትኜ ማሽኑን ነዳሁበት። የመጀመሪያው እፍኝ እውነትም እንደ ደመና ተነሣ። ደስ አለኝ። ከረጢቱን ዘረገፍኩት። ማሽኑ አንዴ ዋጠ፣ አቃሰተ፣ የተቃጠለ ጸጉር ሸተተና ጸጥ አለ። ከውጭ የሚታየውን ጸጉር ለቅሜ፣ መስኮት ከፍቼ፣ እንደ ጨዋ ሴት ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ጋሽ ደምሰው ማብሪያውን ቢጫኑ ማሽኑ አልነቃም። የፊዚክስ መምህሩ ጥፋቱን በመብራት ኃይል መዋዠቅ አመካኘ፤ የኮምፒዩተር መምህሩ አጥፍቶ ማብራት ነው አለ። አጠፉ፣ አበሩ፤ ምንም። ርእሰ መምህሩ ግን የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለጋሹ ቅዳሜ ሊጎበኘን ይመጣል። እስከ ዓርብ ካልተሠራ፣ ንብረት በማበላሸት ጋሽ ደምሰው ከሥራ ይሰናበታሉ አሉ።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን፣ "እኔ ልሞክረው" የሚል ነበር። ሁሉም ሳቁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት በኋላ መጋዘን ገባሁ። በመጀመሪያ ማራዘሚያ ገመዱ ላይ የስልኬን ቻርጀር ሰካሁ፤ ሞላ። ገመዱ ደኅና ነው። የማሽኑን ሶኬት ፈታሁ፤ ሽቦዎቹ አልተነቀሉም። ማክሰኞ በካቻቢቴ ሆዱን ከፈትኩት። አማቴ ያን ጊዜ ቢያዩ! ጸጉሩ በስለቱ ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ፣ እንዝርት ላይ የተጠቀለለ ፈትል መስሏል። ማሽኑ አልነደፈልኝም እንጂ ከእኔ የተሻለ ፈታይ ነው። በምላጭ እየቆረጥኩ አጠራሁት። ሰካሁት። አሁንም ዝም።

ጋሽ ደምሰው በር ላይ በርጩማ አስቀምጠው ይጠብቁኛል። ረቡዕ ዕለት ጉልበታቸውን እያሹ፣ "ቲቸር አስካለ፣ አትድከሚ። ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉኝ። "ባለፈው ሳጭድ ድንጋይ ነገር ቀጭ ብሎበት ነበር። ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ። አርባ ስግደት ሰጥተውኝ ዛሬ ጨረስኩት።"

ካቻቢቴው ከእጄ ወደቀ። እኚህ ሰው በእኔ ኃጢአት አርባ ጊዜ ሰግደዋል! በዚያ ጉልበት! "ጋሽ ደምሰው፣ አርባ?" አልኩ። "ምነው፣ አነሰ እንዴ?" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ለማሽኑ አልራራሁለትም። ሐሙስ ሞተሩን እስከ ልቡ ፈታሁት። ካርቦን የሚሉት ከሰል መሳይ ነገር አለ፤ ወደሚሽከረከረው ክፍል ተገፍቶ ኤሌክትሪክ ያደርሳል። ከሁለቱ ካርቦኖች የአንዱ ማስገቢያ በብናኝ ጸጉር ተወትፎ ካርቦኑ እዚያው ተቸንክሯል። በመርፌ ጠርጌ አወጣሁት፣ አጸዳሁት፣ መለስኩት። ዓርብ ጠዋት ሰካሁት። ጮኸ! እኔም አብሬው ጮኽኩ፤ ጋሽ ደምሰው አማተቡ።

ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ተሰበሰበ። አመሰገኑኝ። ነገር ግን በጋሽ ደምሰው መዝገብ ላይ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይያዝ ሲሉ እጄን አወጣሁ። ጸጉሩንም፣ ደጋኑንም፣ ከረጢቱንም ተናገርኩ። ከዚያ ርእሰ መምህሩ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ "አያችሁ? ሽማግሌ ለማዳን ብላ በራሷ ላይ ተረት ፈጠረች! የአማርኛ መምህርት መሆኗ ያስታውቃል" አሉ። አጨበጨቡልኝ። ማስጠንቀቂያውም ቀረ። በቃለ ጉባኤውም ላይ "ለሰው ያላት ርኅራኄ" ተብሎ ተጻፈልኝ።

ወሬው ለጋሽ ደምሰው ደረሳቸው። በር ላይ ጠብቀው ከልብ መረቁኝ። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ ስለ እኔ ብለሽም ቢሆን ውሸት ውሸት ነው። ለንስሐ አባትሽ ንገሪ" አሉኝ።

"እሺ" አልኩ።

ይኸው ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ንስሐ አባቴ ዘንድ አልሄድኩም። ማሽኑን አበላሸሁ ብል፣ ተሰግዶበታል። ዋሸሁ ብል፣ አልዋሸሁም።